የነፍስ ይማር ድንጋይ

«አንድ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበረ» አሉ መሪጌታ ክንፉ፣ የጠያቂውን ቃል ከአፉ ነጥቀው።

ጠያቂው ይትባረክ የሚባል የቅኔ ተማሪ ነው። መምህሩ የኔታ ፍሬ ስብሐት በሠላሳ አራት ዓመታቸው፣ በአንድ ሳምንት ሕመም ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ከዚያ ወዲህ ጉባኤ ቤቱ ተዘግቷል። የኔታ ተቀምጠው ያስተምሩበት የነበረው ወንበር ነጭ ነጠላ ለብሶ ቆሟል። ከሰማንያው ተማሪ የቀሩት ዐሥራ ሁለት ናቸው፤ እነሱም መነጋገር ትተዋል። ይትባረክ በየኔታ ዘመን የጀማሪዎችን ቅኔ እየሰማ የሚያርም አስነጋሪ ስለነበረ፣ ሂድና ጠይቅልን ብለው ላኩት። የላኩትም የኔታን ከፊደል ጀምሮ ወዳስተማሩት ወደ ሰማንያ አንድ ዓመቱ ሽማግሌ ወደ መሪጌታ ክንፉ ነው።

«አባቴ» ብሎ ነበር የጀመረው፤ «ግማሾቻችን በመቃብራቸው ላይ ሐውልት እናቁም እንላለን። ግማሾቻችን ወንበራቸው ማንም ሳይቀመጥበት እንዲሁ ተከብሮ ይኑር እንላለን። ለእሳቸው የሚገባው መታሰቢያ የቱ ነው? እኔማ በበኩሌ...»

መሪጌታ የእሱን በበኩሌ አልሰሙም። ፊታቸው ተለዋወጠ፤ በትራቸውን ከግድግዳው አስደግፈው ነገሩን እንዲህ ጀመሩ።

አንድ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበረ። አገሩ ሜዳ ነው፤ አፈሩ ጥቁር መረሬ ነው፤ ወፍ ማባረሪያ የሚሆን ጠጠር እንኳ አይገኝበትም። ወንዙ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። የዚያ አገር ሴት ከልጅነት እስከ እርጅና እንስራ እንዳዘለች ትኖራለች፤ ስትገነዝ እንኳ ጀርባዋ አይቃናም። ቆፋሪውም የአንዲት ውኃ ቀጂ መበለት ልጅ ነው። የእናቱን ጀርባ እያየ አደገ፤ ሲጎለምስ ሩቅ አገር ሄዶ ውኃ ማውጣት ተማረና ወደ እናቱ ተመለሰ።

የዚያ ሙያ ሰዎች ጥበባቸውን ለገዛ ልጃቸው እንኳ ይሰስታሉ። ይህ ግን ለጠየቀው ሁሉ ያስተምራል፤ የሚያስተምረውም እየሳቀ ነው። «ኩይሳ ያለበትን እይ፤ ምስጥ ከታች ርጥበት ሳታገኝ ቤት አትሠራም» ይላል። «አፈሩን በዓይንህ አትመነው፤ በምላስህ ጠይቀው» ይላል። ተማሪው ተሳስቶ አሸዋ ሲልስ አብሮት ይልስና ሁለቱም ይተፋሉ።

አንድ ቀን ዕድሜዋ አርባን የተሻገረ አንዲት ሴት መጥታ «አስተምረኝ» አለችው። ያገሩ ወንዶች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«ሴት የገባችበት ጉድጓድ ውኃው ይሸሻል» አሉት።

«እስከ ዛሬስ ከማን ሲሸሽ ኖረ?» አላቸው።

ሴትዮዋም በማግስቱ ዶማ ያዘች። በዕድሜ ታናሽ ወንድሟ ይሆናል፤ እሷ ግን መምህሬ ትለዋለች፤ እሱም እትዬ ይላታል። በሁሉ ነገር ቀልደኛ ነው፤ በገመድ ግን ቀልድ አያውቅም። «እትዬ፣ ገመድ የያዘ ሰው አያወራም። ከታች ያለው ነፍሱን ላንቺ እጅ ሰጥቶ ነው የወረደው» ይላታል። አንድ ጊዜ ገመድ እንደያዘች ላለፈች ጎረቤቷ «እንደምን አደርሽ» አለች። ወጣና አልተቆጣትም። ባዶ ገመድ አስይዞ፣ ጫፉ ላይ ማንም ሳይኖር፣ እስከ እኩለ ቀን አቆማት። ከዚያ ወዲያ ገመድ ይዛ ዝንብ ፊቷ ላይ ቢያርፍ እንኳ እሽ አላለችም።

ከመንደሩ አጠገብ ካለች ሾላ ሥር መቆፈር ጀመሩ። ዐሥር ክንድ ሲደርሱ ቆፋሪው ዶማውን አስቀመጠ። «ከዚህ በታች አፈሩ ይናዳል፤ ግድግዳው በድንጋይ መካብ አለበት» አለ። ድንጋይ ያለው ደግሞ ከተራራው ግርጌ ነው። እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሞ አገሩን ለመነ። «ከየቤቱ ሦስት ሦስት ድንጋይ አምጡልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቃችሁም።»

ሁሉም እሺ አሉ። እሺ ማለት ምን ገዶ! አንዱ በሬዬ ታሞብኛል አለ። አንዱ እግሬን ቆረጠመኝ አለ። አንዱ አውድማ ላይ እህል አለብኝ አለ። የአገሩ ጭቃ ሹም ደግሞ «እኔ ሳላዝ ማንም አያመጣም፤ እኔም ገና አላዘዝኩም» ብሎ ጢሙን አሻሸ። በሁለተኛው እሑድ ለመነ። በሦስተኛው ለመነ። ከድንጋይ የመጣለት የገዛ እናቱ ያዘለችው ሦስት፣ ሴትዮዋ ያዘለችው ሦስት፣ በጠቅላላው ስድስት ነው። ክረምት እየተቃረበ ሄደ። ዝናብ ከገባ መረሬው ያብጣል፤ የተቆፈረውም ሁሉ ከንቱ ይቀራል። ስለዚህ ሳይካብ ቆፈረ።

ዐሥራ ስምንት ክንድ በደረሰ ጠዋት ከጉድጓዱ ወጥቶ በጭብጡ የያዘውን ጭቃ ከሴትዮዋ መዳፍ ላይ አደረገ።

«ቅመሺው እትዬ።»

ቀመሰችው። ቀዝቃዛ ነው፤ ጨው የለውም። ቀና ስትል ጥርሱ ሁሉ ታየ። «ሁለት ክንድ ቀረን» አላትና ተመልሶ ወረደ። እግሩ መሬት ሳይነካ ግድግዳው ተናደ።

ሴትዮዋ ገመዱን አልለቀቀችም። መዳፏ ተልጦ አጥንቷ እስኪታይ ያዘች። ሰዎች ደርሰው ቆፍረው አወጡት፤ ትንፋሽ ነበረው። በሦስተኛው ቀን ሞተ። ዕድሜው ሃያ ዘጠኝ ነበር።

አለቀሰ አገሩ። እንዴት አለቀሰ መሰለህ! በሕይወቱ ሳለ ሰላምታ የነፈጉት እንኳ ደረታቸውን ደቁ። አሁን ደግሞ የዚያ አገር ልማድ አለ። ሰውን ሞት በያዘበት ስፍራ ያለፈ ሁሉ አንድ ድንጋይ ይጥላል፤ ሲጥልም «ነፍስ ይማር» ይላል። ክምሩ ከፍ ባለ ቁጥር ሟቹ ተወዳጅ ነበር ይባላል። ቆፋሪውን ሞት የያዘው ከጉድጓድ ውስጥ ነው። ስለዚህ ድንጋዩን ወደ ጉድጓዱ ይጥሉት ጀመር።

የመጀመሪያውን የጣለችው ሴትዮዋ ናት። ከተራራው ድረስ ሄዳ፣ እንስራ በኖረበት ጀርባዋ ላይ አንድ ጥቁር ድንጋይ አዝላ መጣች፤ ጣለችና ተደፍታ አለቀሰች። ከእሷ በኋላ አገሩ ሁሉ ተከተለ። ያ በሬው የታመመበት ሰው ድንጋዩን በበሬው አስጎተተ። ያ እግሩን የቆረጠመው በእግሩ ሄዶ አመጣ። ጭቃ ሹሙም በዚህ ጊዜ አዘዘ፦ ለቆፋሪው ክብር ከየቤቱ ሦስት ሦስት ድንጋይ ይምጣ አለ። ሦስት ሦስት! ሰምተኸኛል ልጄ? በሳምንት ውስጥ ሁሉም አመጣ።

ወራት ሄዱ፤ ክረምትም መጥቶ ሄደ፤ የተጣለው ድንጋይ ግድግዳውን ደግፎ ያዘው። ሴቶች እንስራቸውን አዝለው ወደ ወንዝ ሲወርዱ በጉድጓዱ አጠገብ ያልፋሉ፤ ቆም ይላሉ፤ ከተራራው የመጣ ድንጋይ ይጥላሉ፤ እንባቸውን ይጠርጋሉ፤ ከዚያም የግማሽ ቀኑን መንገድ ይያያዙታል። ይህ ነገር ለማንም እንግዳ አልሆነበትም። ለሴትዮዋም አልሆነባትም ነበር። እሷም ትጥላለች፤ እሷም ታለቅሳለች።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ጭቃ ሹሙ በአራት በሬ አንድ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስጎትቶ ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ አስቀመጠ። በተዝካሩ ቀን አፉ በዚህ ይዘጋል፤ ለልጅ ልጅ መታሰቢያ ይሆናል ተባለ። ሰውም ምን ያለ ደግ ሹም ነው አለ።

በማግስቱ ሴትዮዋ ልትጥለው ያመጣችውን ድንጋይ ይዛ ከሾላዋ ሥር ስትደርስ አንዲት አሮጊት ተቀምጣ አየች። የቆፋሪው እናት ናት። ከወንዝ እየተመለሰች ነው፤ ሞልቶ የከበዳትን እንስራ ከጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ አሳርፋ ትንፋሿን ትሰበስባለች። ልጇ ውኃ ሊያወጣላት ከሞተበት ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጣ፣ ውኃ ከወንዝ ተሸክማ!

ሴትዮዋ የያዘችውን ድንጋይ አልጣለችም። ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችው። እስከዚያ ቀን ኀዘን እንጂ ንዴት አልነበረባትም፤ ያን ቀን ግን ንዴት እንደ ትኩሳት ከእግሯ እስከ ራሷ ወጣ። በሞት ተናደደች። በአገሩ ተናደደች። ከሁሉ ይልቅ ከጉድጓዱ ግርጌ ባለችው በዚያች ጥቁር ድንጋይ፣ በራሷ ድንጋይ ተናደደች። ጭቃው አሁንም ምላሷ ላይ ያለ መሰላት። ሁለት ክንድ ነበር የቀረው።

የተዝካሩ ዕለት ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ፣ ካህናቱን አስቀድሞ ወደ ጉድጓዱ ሲመጣ፣ ከአፉ ዳር ዐሥራ ሰባት ድንጋይ ተደርድሮ አገኘ። ገመድ ከሾላዋ ግንድ ታስሮ ወደ ታች ወርዷል። ትንሽ ቆይቶ ሴትዮዋ ዐሥራ ስምንተኛውን ድንጋይ አዝላ፣ በግድግዳው ላይ በተቆረጠው የእግር መርገጫ እየተንጠለጠለች ወጣች። ልብሷ ጭቃ በጭቃ ነው።

«አንቺ ሴት! የሙት ድንጋይ ትነኪያለሽ?» አለ ጭቃ ሹሙ። «የሰውን ነፍስ ይማር ታፈርሻለሽ?»

ድንጋዩን ከጀርባዋ አውርዳ ዞር አለች። ከሕዝቡ መካከል ያን ባለ በሬ ፈልጋ አገኘችው።

«ይህ ቀዩ ያንተ ነው፤ ከተራራው ምሥራቅ ገደል ካንተ ሌላ ማንም አላመጣም። ሦስት ሰንበት ሙሉ ሲለምንህ በሬዬ ታሟል አልከው። በሬህ እሱ ሲሞት ዳነ።»

ሰውዬው ዓይኑን ከመሬት ተከለ።

«ያ እግሩን የቆረጠመው ሰውዬስ የታለ? እግርህ እንዴት ነው?» አለች። «ዓምና ይህ ድንጋይ ከጉድጓዱ አፍ ዳር ተከምሮ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ተዝካሩን አንበላም፤ ውኃውን እንጠጣ ነበር። አሁን የወደዳችሁት መስሏችኋል። በምትወዱት ሰው ላይ ድንጋይ ትጥላላችሁ? ሊሰጣችሁ የነበረውን በድንጋይ ትደፍናላችሁ? የእኔም አለበት። ከሁሉ በታች ያለው የእኔ ነው። እሱን ሳላወጣ ከዚህ ጉድጓድ የሚያወጣኝ የለም።»

ይህን ብላ ተመልሳ ወረደች። ጭቃ ሹሙ ሁለት ጎረምሶች ጠርቶ «አውጡልኝ» አለ። ጎረምሶቹ ወደ አፉ ሲጠጉ ከኋላ አንድ ሰው «እናቱ ትምጣ፤ እናቱ ትፍረድ» አለ። ሕዝቡ ለአሮጊቷ መንገድ ከፈተላት። ልትራገም ነው ብለው ብዙዎች አንገታቸውን ደፉ።

አሮጊቷ መጣች። የወጡትን ድንጋዮች አየች። ጎንበስ ብላ ወደ ጨለማው ተመለከተች። ከዚያ ነጠላዋን አውልቃ ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ ታጠቀችና ገመዱን ከሾላዋ ፈትታ በሁለት እጇ ያዘች።

«እማማ፣ ምን ማድረግዎ ነው?» አላት ጭቃ ሹሙ።

አልመለሰችለትም። «እማማ!» ብሎ ደገመ። እሷ ዓይኗን ከጉድጓዱ አላነሣችም። ገመድ የያዘ ሰው አያወራም።

ባለ በሬው መጥቶ ከአሮጊቷ ኋላ ቆመና የገመዱን ትርፍ ያዘ። ከእሱ ኋላ ሌላው ያዘ። ያ ሲያለቅስ ዓመት የሞላው ሕዝብ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ።

ድንጋዩን ለማውጣት ዘጠኝ ቀን ፈጀ። በመጨረሻ የወጣው የሴትዮዋ ጥቁር ድንጋይ ነው። ከዚያ ቆፈረች። አንዱን ክንድ ጨርሳ ሁለተኛውን ስታጋምስ ዶማዋ ውኃ ውስጥ ጭብ አለ። አላለቀሰችም አልልህም፤ እዚያው ታች ሆና ውኃው ቁርጭምጭሚቷን ሲይዝ እንደ ሕፃን አለቀሰች፤ እጇ ግን አላቆመም። ካቡን ስትጀምር ከሁሉ በታች ያስቀመጠችው ያንኑ የራሷን ጥቁር ድንጋይ ነው። በላዩ የባለ በሬውን ቀይ አደረገች፤ በላዩ የሌላውን፤ የነፍስ ይማሩ ድንጋይ ሁሉ ካብ ሆኖ ወደ ላይ ወጣ። ወደ አፉ ሲቃረብ ድንጋዩ ጎደለ። የጭቃ ሹሙን ጠፍጣፋ ድንጋይ በመዶሻ ፈልጠው ሞሉበት። ሹሙም ቆሞ ከማየት በቀር ምን ያደርጋል?

ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ ብዙ ጉድጓድ ቆፈረች፤ ብዙ ሰውም አስተማረች። የትም ስትጠራ ግን ድንጋዩ ከአፉ ዳር ካልተከመረ ዶማ አታነሣም ነበር። ይህን መምህሯ አላስተማራትም፤ ከሞቱ የተማረችው ነው።

መሪጌታ ክንፉ እዚህ ላይ ቆሙ። ይትባረክ አንገቱን ደፍቷል። ሽማግሌው ወደ እሱ ዞሩ።

«ልጄ፣ የእናንተ የኔታ ያ ቆፋሪ ነው። ጉባኤ ቤቱ ጉድጓዱ ነው። እናቁም የምትሉት ሐውልት ድንጋይ ነው። ነጠላ ያለበሳችሁት ወንበር የጭቃ ሹሙ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው፤ አፍ መዝጊያ ነው። አንተም በየሳምንቱ የምትቀኘውን የልቅሶ ቅኔ ሰምቻለሁ። ጥሩ ነው። አስለቅሶኛል። እሱም ድንጋይ ነው።»

«አባቴ...»

«አልጨረስኩም! ዓምና ጀማሪዎቹ በዙብኝ፣ እናንተ የበሰላችሁት ዐሥር ዐሥር ሰው ተካፍላችሁ አግዙኝ ብሎ አልለመናችሁም? አንተ ምን አልከው?»

ይትባረክ መለሰ። «ለራሴ የቀረኝ ትምህርት አለ አልኳቸው።»

«በሬህ ታሞ ነበር» አሉ መሪጌታ። «አትፈር፤ የእኔም ድንጋይ አለበት። ሲታመም ሰው ልኮብኝ ነገ እሄዳለሁ ብዬ ነው የቀረሁት። እኔ ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው። ሞት በእኔ ደጅ አልፎ እሱ ቤት ገባ። እኔ በአንቀልባ አዝዬ ወንዝ ያሻገርኩት ልጅ! ከሞት ጋር አልታረቅኩም፤ እስክሞትም አልታረቀውም። ነገር ግን ሞት የወሰደው ሰውየውን ነው። ጉባኤውን ያጠፈው ማን ነው? እናንተ ናችሁ። ለሞት ጉልበት አትጨምሩለት! የወሰደውን ወሰደ፤ የቀረውን በገዛ እጃችሁ አታስረክቡት።»

«እኔ ለዚያ ወንበር አልበቃሁም፣ አባቴ።»

«አልበቃህም። ያቺ ሴት በቅታ ነው የወረደችው? ጭቃውን ስለቀመሰች ነው የወረደችው። አንተም ቀምሰሃል። እስከ ዐሥራ ስምንት ክንድ አድርሶሃል፤ ሁለቷን ራስህ ቆፍር። ነጠላውን ከወንበሩ አንሣና ብርድ ለመታው ተማሪ አልብሰው። ነገ ጠዋት ተቀመጥበት። የሄዱትን ጥራቸው። ኀዘናችሁን አውጡና ካቡት።»

ይትባረክ ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሳመ። ሊሰናበት ሲል መሪጌታ እጃቸውን ዘረጉ።

«በትሬን አቀብለኝ።»

«ወዴት ሊሄዱ ነው?»

«ከአንተ ጋር ነዋ። አንተ ስትወርድ ገመድ የሚይዝልህ ሰው ያስፈልግሃል። ከእግርህ ሥር እቀመጣለሁ፤ ማን እንደሚስቅብህ አያለሁ።»

ጉባኤ ቤቱ ድረስ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ሽማግሌው የይትባረክን ክንድ ጥብቅ አድርገው ይዘው፣ ዳገቱንም ቁልቁለቱንም ወጥተው ወረዱ። እስኪደርሱ ድረስ አንድ ቃል አልተናገሩም።